የጧቱ ባቡር ጡሩምባ

ሲምረት መርዶው የደረሳት ካዛንቺስ፣ እህቷ ሉሊ ቤት ነው። በዋዜማው አማቷ አደይ ፀሐይቱ፣ «ሉሊን አሟታል አሉ፤ እራትሽን ብይና እሷ ዘንድ እደሪ» ብለው ልከዋት ነበር። ሉሊ ግን ደኅና ነበረች። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳና የአደይ ወንድም አቶ ዘርአይ ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ።

የሲምረት ባል ካሳይ የከተማው ኤሌክትሪክ ባቡር ነጂ ነበር። ለዘመድ ሰርግ ዓዲግራት ሄዶ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። እዚያው አባቱ ጎን ተቀበረ።

ፊቷን ልትነጭ ስትል አቶ ዘርአይ እጇን ያዙ።

«ስሚኝ ልጄ። እህቴ እንዳትሰማ። ልቧን ታውቂዋለሽ፤ ሁለተኛ ሬሳ እንዳናወጣ።»

«ልጄ የት ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ቃሊቲ፣ ባቡሩ ዴፖ ያድራል በያት። ሥራ በዛበት፣ በቃ።»

ለቅሶው ሉሊ ቤት ተደረገ። ጥቁሩ ልብስም እዚያው ቀረ። ሲምረት ከሥራ ስትወጣ እሱን ለብሳ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ አበባማ ቀሚሷን ለብሳ ቂርቆስ፣ አደይ ጋ ትመለሳለች።

ኮንዶሚኒየማቸው የባቡሩ ሐዲድ አፋፍ ላይ ነው። ካሳይ ሲያልፍ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። አሁን የሥራ ጓደኛው ሃብተአብ፣ በሲምረት ልመና፣ በእሱ ፈንታ ይነፋል። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ስለሚያርፍ ነጂው ማን እንደሆነ ከሰገነታቸው አይለይም።

ጧት ጧት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች መቅረት ያምራታል። አደይ ግን አይለቋትም።

«አንቺ! ባሏ ሥራ ሲገባ የምትተኛ ሚስት የት አገር አለች? ነይ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ። እንዲህ ተንጨባረሽ ሊያይሽ ነው?»

ሰማያዊና ነጩ ባቡር ብቅ ይላል። ጡሩምባው ይነፋል። አደይ ነጠላቸውን ያውለበልባሉ።

«እንዴት ያለ ኩሩ ነው! ለእናቱ እንኳ አይቆምም። እንደ ሚኒባስ ‹ወራጅ አለ› እንበለው እንዴ?»

ሲምረት ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ አፏን በፎጣ አፈነች።

ቁርስ ሲቀርብ አደይ ብቻቸውን አይበሉም። «ካልጎረስሽ አልጎርስም» ይላሉ። ለእሳቸው ስትል ትጎርሳለች።

አንድ ምሽት ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ ሳታወልቅ ገባች። ትዝ ያላት አደይ ፊት ስትቆም ነው። አደይ ቀስ ብለው ተነሥተው ሻሹን ፈቱላት፣ አጣጥፈውም በእጇ ሰጧት።

«ጥቁር አያምርብሽም» አሉና ወደ ሳሎን ተመለሱ።

አልጠረጠሩም ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ተጠነቀቀች፤ ጎረቤቱን ሁሉ አፉን እንዲይዝ ለመነች።

ዓመቱ ሳይሞላ አደይ በተኙበት አረፉ። ሲምረት ያን ዕለት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ድምፅዋ፣ ለሁለቱም አለቀሰች። ማታ ለቀስተኛው ሲበተን አቶ ዘርአይ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንዲት ነገር ተሳክታልኛለች። የልጃቸውን ሞት ሳይሰሙ ሄዱ።»



«መጀመሪያ የነገርነው ለእሷ ነው» አሉ ሽማግሌው። «‹ከእኔ እንድትደብቅ ንገሯት› አለችን፤ ‹ለእኔ ስትል ከአልጋዋ ትነሣለች።›»

ያነበባችሁ ሁሉ፣ ፈጣሪ የእናትየውንም የልጅየውንም ነፍስ በአብርሃም አጠገብ እንዲያኖርልኝ ለምኑልኝ።