የአያ አለበል ዕድሜ

«አባቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«አባትሽስ አልሆን» አሉ አያ አለበል ኮስተር ብለው። «ሃምሳ።»

ነርሷ ሰብለ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። ማንኩሳ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ብዙ አይታለች፤ እያወቀ የሚቀንስ ወንድ ግን እምብዛም አልገጠማትም። የአያ አለበል ጢም ጥጥ መስሏል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ባለቤታቸው እንቁ ገና አርባ አልሞላትም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ትኩር ብላ ታያለች።

ጠረጴዛው ላይ ባለ ቀለም ሰንጠረዥ ተዘርግቷል። ጾታ፣ ዕድሜ፣ ትምባሆ፣ ክብደትና የደም ግፊት የሚገናኙበት ሳጥን፣ ሰውየው በመጪዎቹ ዐሥር ዓመታት ልቡ ወይም አንጎሉ የመመታት ሥጋቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። አረንጓዴ ደህና ነው፤ ቢጫ ምክር ነው፤ ብርቱካናማ ላይ ሲደርስ መድኃኒት ይጀመራል። ለወንድ ሌላ፣ ለሴት ሌላ ነው። ለሌላ አገር ሰውም ሌላ ሰንጠረዥ አለው፤ ይኼኛው ለእኛ አካባቢ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው። ግን ለማንም ይሠራ፣ የሚፈርደው በነገሩት ዕድሜ ነው።

የአያ አለበል ግፊት ከፍ ብሏል። ትምባሆ ያጨሱ እንደሆነ ስትጠይቃቸው አማተቡ። በሃምሳ ዓመት ሰው ረድፍ ስትሄድ ጣቷ አረንጓዴ ላይ አረፈ።

«ደህና ነኝ ማለት ነው» አሉ ጣቷን ሲከታተሉ የቆዩት አያ አለበል። «ድሮስ መቼ አመመኝ አልሁ? እሷ ናት ጎትታ ያመጣችኝ።»

«ወንድማቸውን ባለፈው ክረምት እርሻ ላይ እንዳሉ ግማሽ ጎናቸውን መታቸው» አለች እንቁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን የሚጎርሱት በሰው እጅ ነው። እሳቸውም ምንም አላመመኝም ሲሉ ነበር።»

ሰብለ ዘዴ ፈለገች። «አያ አለበል፣ መሬት ላራሹ ታውጆ መሬት ሲደለደል ያስታውሱታል?»

«እንዴት አላስታውስ» የሰውየው ፊት በራ። «በገመድ ሲለካ አንዱን ጫፍ የያዝሁት እኮ እኔ...» ድንገት ሳል መጣባቸው። «...አባቴ ሲያወጉኝ ሰምቼ ነው።»

መሬቱ ከተደለደለ ራሱ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ሰብለ ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ» አለች ቀስ ብላ። «ዕድሜም እንደዚያው ነው።»

«ምን እደብቃለሁ? እሷን ሲጠይቁልኝ ሽማግሌዎቹ አርባ ሁለት ብለው ነው የተናገሩ። ከተጋባን ስምንት ዓመታችን። ደምሪው እስኪ፣ ሃምሳ አይመጣም?» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ወደ ሚስታቸው ሸሸ።

እንቁ ብድግ አለች። «በቅሎዋን ሳላስራት ገባሁ። አየት አድርጌያት ልምጣ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ሰብለ ግራ ገባት። ሁለቱ ከባጃጅ ሲወርዱ በመስኮት አይታቸዋለች። አያ አለበል የተዘጋውን በር ሲመለከቱ ቆዩ።

«በቅሎ የለንም» አሉ በመጨረሻ። «ኖሮንም አያውቅ።»

ሰብለ ካርዱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ስድሳ ሦስት ብለሽ ጻፊ» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

ጣቷ ወደ ላይ ወጣና ቢጫ ላይ ቆመ። ጨው መቀነስ፣ ከሦስት ወር በኋላ መመለስ፤ መድኃኒት የለም። ውጤቱን ባለቤታቸውም ባለችበት ልትነግራቸው ብላ እንቁን ልትጠራ ወጣች።

እንቁ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ስንት እንዳሉሽ አትንገሪኝ፤ እኔ ልንገርሽ» አለች በሹክሹክታ። «ስድሳ ስድስት ናቸው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው፣ እትዬ?»

«ሳላገባቸው። እህታቸው አልጣሽ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ አርባ ሁለት ሲሉማ አባቴ በሳቅ ሊፈነዳ ነበር፤ በዓይኔ ለምኜ ነው ዝም ያሰኘሁት። ደግ ሰው መሆናቸውን አይቻለሁ፤ ሌላው ምን ይሠራልኛል?»

«ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ...»

«ደስ ብሏቸው የያዙትን ለምን አስጥላቸዋለሁ?» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሣችው። «አሁን ግን ፈራሁ። የወንድማቸውን አፍ በጠረግሁ ቁጥር እሳቸው ናቸው የሚታዩኝ። አንቺ እውነተኛውን ጻፊ፤ ጮክ ብለሽ ብቻ አታንብቢው።»

ሰብለ በሴትዮዋ ተደነቀች። የሰው ውሸት ስምንት ዓመት ተሸክሞ አንድ ቀን እንኳ ከበደኝ አለማለት፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ሰውየው እውነቱን በክብር እንዲያወጣ በር ዘግቶ መውጣት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሰብለ አቅፋ ልትስማት ምንም አልቀራትም ነበር።

ብቻዋን ተመልሳ ገባችና ካርዱ ላይ ስድሳ ስድስት ብላ ጻፈች። ጣቷን አንድ ረድፍ ከፍ አደረገችው። ብርቱካናማ።

«መድኃኒት ነው የምትጽፊ?» አሉ አያ አለበል።

«አዎ። በቀን አንዲት ኪኒን ናት፤ አንድም ቀን ሳያቋርጡ።»

«ለስድሳ ሦስት ዓመት ሰውም ይሰጣል?»

«ራሱን ለሚጠብቅ ጎልማሳ ሁሉ ይሰጣል።»

ነገሩ ሳይጥማቸው አልቀረም፤ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። የእንቁ ኮቴ ወደ በሩ ሲቀርብ ወገባቸውን አቃኑ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና የሃምሳ ዓመት ሰው ሆነው ተቀመጡ። ሰብለም ካርዱን በግንባሩ ደፋችው።