ቀዩና ሰማያዊው

አማትየዋ ምራታቸውን ካኮረፉ ሰንብተዋል። ምክንያቱ ሁለት ግልገሎች ናቸው። ምራቲቱ የጓሮውን በር ሳትቀረቅር ወጣች፤ ስትመለስ እናቲቱ በግ ብቻዋን ቆማ ትጮሃለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በመኖና በከብት መድኃኒት ሱቃቸው ውስጥ አብረው ይውላሉ። አማትየዋ ግን የሚያናግሩት ሚዛኑን ነው።

"አንተ ሚዛን፣ ያቺን ሴትዮ ፉርሽካው አልቋል በላት" ይላሉ።

ምራቲቱ ሚዛኑ እስኪነግራት አትጠብቅም፤ ትነሳለች። ባሏ ገበያ ለገበያ የሚዞር ነጋዴ ስለሆነ ማታ ቤት ስትገባም የሚያናግራት የለም። ሰሞኑን በሚዛኑ መቅናት ጀምራለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ ወደ ሱቁ ገባ። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። ዓይኑ ደም መስሏል። ትከሻው ላይ የረሳው ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

"እህቴ፣ ያ በግ ላይ የሚረጨው የምልክት ቀለም አላችሁ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አለ። ለስንት ነው?"

"ለሁለት። ትንንሽ ናቸው።"

የምራቲቱ እጅ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ ቁርሳቸውን ይበሉ የነበሩት አማትም ማላመጣቸውን አቆሙ።

"ከመቼ ወዲህ ነው ማርባት የጀመርከው፣ ወንድሜ?"

"ኧረ ሳናስበው ነው። አንድ ነበር የጠበቅነው፤ ሁለት ሆነው ተገኙ።"

"ላታቸውስ? ወፍራም ነው?"

"ላት?" አለ ሰውየው። ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ። "ደህና ነው። ምንም አይልም።"

ላት ሲባል ጣሪያ የሚያይ ሰው በግ አላረባም። ምራቲቱ ይህን በልቧ ያዘችና ቀለሞቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረች።

"አረንጓዴው ሣር ላይ አይለይም። ቢጫው ቶሎ ይቆሽሻል። ቀዩ ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ግን ቁስል መስሎ ያስደነግጣል።"

"በጭላንጭል መብራት ቶሎ የሚለየውስ የቱ ነው? የኛ ሥራ ሌሊት ነው" አለና አፉን ከፍቶ አዛጋ።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ወደቀ፤ የሻይ ማንኪያ ነው።

"ድመት ናት" አለች ምራቲቱ። "ሌሊት ከሆነ ቀይና ሰማያዊ ውሰድ።"

"ቆዳ አይጎዳም? ቢልሱትስ?"

"ይሄ ለጨቅላ የሚሆነው ነው፤ አይጎዳም። ጀርባቸው ላይ ትንሽ እፍ ታደርግበታለህ።"

"ጀርባ አይሆንም፤ ይታያል። እግራቸው ሥር ነጥብ ባደርግስ? አማቴ ካየችው አለቀልኝ።"

ይህችን እንኳን ምራቲቱ ሙሉ በሙሉ ተረዳችለት።

"ምን ላድርግ ብለሽ ነው" ቀጠለ ሰውየው፣ ዓይኑ እየተከደነ። "ቁርጥ አንድ ናቸው። ትናንት አንዱን ሁለቴ ወተት አጠጥቼ ሌላውን በረሃብ አሳደርኩት። ሲጮህ አደረ። ጎረቤቱ ሊከሰን ነው።"

"ቤትህ የት ነው? ቀለሙ እንቢ ካለ መጥቼ እለውጥልሃለሁ።"

"ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር" አለ። ሁለቱን ቆርቆሮ እቅፍ አድርጎ ሄደ። መልሱን ረሳው፤ ነጩን ጨርቅም ባንኮኒው ላይ ጥሎት ሄደ። ምራቲቱ ጨርቁን አነሳችና አሸተተችው። የኮመጠጠ ወተት ይሸታል።

አማትየዋ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

"አንተ ሚዛን፣ ያቺን ሴትዮ ሱቁን ዝጊ በላት።"

ሚዛን ተሸክሞ መንገድ ስለማይኬድ አማትየዋ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ፤ ምራቲቱም ሱቁን ዘግታ አብራቸው ሄደች። ነጠላ ጫማቸው አልፈጥን ብሏቸው ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"አንቺ ጃንጥላ" አሉ እያለከለኩ፣ "ያቺ ሴትዮ ግልገሎቼን ካስመለሰችልኝ እንደ ሰው አናግራት ይሆናል።"

ምራቲቱ እርምጃዋን ጨመረች።

አረንጓዴው በር ጋ ሲደርሱ ከውስጥ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል።

"የኔዎቹ ናቸው" አሉ አማትየዋ ለጃንጥላው። "እናታቸውም ቁርጥ እንዲህ ነው የምትጮኸው።"

በጃንጥላው እጀታ በሩን ደበደቡት። ሰውየው ከፈተ። አንድ ጣቱ ቀይ፣ አንድ ጣቱ ሰማያዊ ነው።

"ሁለቱንም አሁኑኑ አምጣ" አሉት።

ሰውየው ሴቶቹን አየ። ወደ ውስጥ ዞሮ "አንቺ፣ ሊወስዷቸው ሰዎች መጥተዋል" አለ።

"እነማን ናቸው?" አለ የሴት ድምፅ።

"የቀለም ሻጯ ናት። ከአንድ ትልቅ ሴትዮ ጋር።"

"ማንም ይሁኑ፣ ይውሰዷቸው።"

ጸጉሯ የተንጨባረረ ወጣት ሴት በሁለት ክንዷ ሁለት ጥቅል ይዛ ብቅ አለች። ምንም ሳትጠይቅ ሁለቱንም አማትየዋን አሳቀፈቻቸው። ጃንጥላው መሬት ወደቀ።

"ቀዩ ጠብቷል" አለች ሴትየዋ፣ ወደ አልጋዋ እየተመለሰች። "ሰማያዊው ግን ገና አላገሳም።"

አማትየዋ ከጥቅሉ ሾልኮ የወጣውን አምስት ጣት ያለው እግር ትክ ብለው አዩት። ዙሪያቸውን ቃኙ። ሚዛን የለም፤ ጃንጥላውም ወድቋል።

"አንቺ ልጅ" አሉ ወደ ምራታቸው ዞረው፣ "ሰማያዊውን ተቀበዪኝና አስገሺው።"