ሦስት ሹካ

ልጃችን ምንትዋብ የመርከብ ጉዞ ቲኬት ስትሰጠን፣ "አባዬ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው" ብላ ሙሉ ልብስም ገዛችልኝ። ልብሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ከቁም ሳጥን አልወጣም። ባለቤቴ በቀሚስ ተሽሞንሙና ወደ ትልቁ የእራት አዳራሽ ስትወርድ፣ እኔ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ላይኛው ፎቅ ወዳለው ቡፌ እወጣለሁ።

"እዚያ ሁሉም የራሱን አንስቶ ይበላል" እላታለሁ። "ክራቫት ያንቀኛል። ደግሞ ለአንድ ሰው ሦስት ሹካ ምን ይሠራለታል?"

ትናንት ትዕግሥቷ አለቀ። "አንተ ሰው፣ የመጀመሪያውን ቀን እኮ ሁሉም ረስቶታል።"

እኔ አልረሳሁትም። ሠላሳ ዓመት ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ እንደነበርኩ መርከቡ ላይ ለማንም አልተናገርኩም። ያን ዕለት ግን እራት አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በልተው ሳህናቸውን ገፋ ሲያደርጉ፣ ሳላስበው ተነሣሁ። ናፕኪኔን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ፣ የስምንት ሰው ሳህን ክንዴ ላይ ደርድሬ ወጥ ቤት አደረስኩ።

ስመለስ ሴትዮዋ አምስት ዶላር ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩና፣ "ጣፋጩን አሁን ላምጣልዎት?" አልኳቸው።