ጉርሻ ከሁለት ሜትር
የፎርክሊፍት ሹፌሩ የአስቻለው ቀኝ እጅ ሰው ሲጠጋው ይደርቃል። ምክንያቱ ፎርክሊፍቱ ሰው እንዳይገጭ እጁ ውስጥ የተቀበረው ቺፕ ነው፤ ማንም ሁለት ሜትር ውስጥ ከገባ እጁን ያስቆመዋል። ድሮ ቤት ሲገባ ያጠፋው ነበር። አንድ ጠዋት ማብራቱን ረሳና መጋዘን ውስጥ ጓደኛውን ገጭቶ ገደለ። ከዚያ ወዲህ ማጥፋት በሕግ ተከለከለ፤ እሱም ቤት ውስጥ የሚበላው ለብቻው፣ መስኮቱ ጥግ ነው።

ዛሬ ግን የልጁ የማህደር ልደት ነው። ሮጣ መጥታ አፏን ከፈተች።

«አባዬ፣ አጉርሰኝ!»

የጠቀለለው ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። በግራው ሊያጎርሳት ሲል ሚስቱ ወይንሸት ከክፍሉ ማዶ፣ «ውይ፣ በግራ እጅህ?» አለችው።

ማህደር አባቷን አየችው። ወደ ኋላዋ እየተራመደች በሩ ጋ ስትደርስ እጁ ተፍታታ። እንደገና አፏን ከፈተች።

«በቃ ከዚህ ወርውርልኝ።»