ለሦስተኛ ጊዜ የተቀየረ ካንዴላ

ነጋዴው ጋራዡ የደረሰው ለጸብ ተዘጋጅቶ ነው። ለሴት ልጁ አዲስ መኪና ከገዛላት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ መኪናዋ ግን ከመንገዱ ይልቅ የጋራዡን ግቢ ለምዳዋለች። ትናንት ደግሞ የባሰ መጣ። ልጅቷ ዳገት ላይ አውቶቡስ ልትቀድም ስትል ሞተሩ ቀጥ አለ። ከፊቷ የጭነት መኪና እየወረደ ነበር። ሾፌሩ መሪውን ወደ ቦዩ ባይጠመዝዝላት ኖሮ ነጋዴው ዛሬ የሚውለው ጋራዥ ሳይሆን ለቅሶ ላይ ነበር። ያለችው አንድ ልጅ ናት። 

መካኒኩን ሰፈሩ ፕሮፌሰር ይለዋል። ዩኒቨርሲቲ በደጁም አላለፈ፤ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስለ አንድ ብሎን ግማሽ ቀን ያስረዳል። ብሎኑን ማጥበቁን ግን አንዳንዴ ይረሳዋል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ፤ አረፍ ይበሉ» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ማረፉ ይቅርብኝ። መጀመሪያ ካንዴላ ቀየርክ። ሁለተኛም ካንዴላ ቀየርክ። ዛሬ ምን ልትቀይር ነው፣ ልጄን?»

«ዛሬም ካንዴላ ነው» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ነጋዴው ዙሪያውን ቃኘ። ግድግዳው ላይ ቁልፎች በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ ጥላሸት የለበሱ ካንዴላዎች አንድ ቆርቆሮ ሞልተዋል። ነገሩ ወዲያው ገባው። ይኼ ሰው አሮጌውን አጥቦ አዲስ ነው እያለ ይሸጣል። ነጋዴ የነጋዴን ተንኮል አያጣውም።

«ኮፈኑን ክፈትና ሁሉንም ፊቴ አሳየኝ» አለ።

ፕሮፌሰሩ ለዚህ ዓይነት ግብዣ እንቢ አይልም። የዘይት መለኪያውን መዘዘ፤ በጨርቅ ጠረገ፤ መልሶ ከተተና እንደገና መዘዘው። ዘይቱ ልክ መስመሩ ላይ ነው፣ ያውም ንጹሕ። የራዲያተሩ ውሃ ሙሉ ነው። የፍሬን ዘይቱም እንዲሁ። በየመሀሉ ሳይጠየቅ ማብራሪያ ሰጠ።

«ልጅዎ ጠንቃቃ ናት» አለ በመጨረሻ። «በየሳምንቱ እያየች ነው የምትነዳው።»

«የማን ልጅ ሆና!» አለ ነጋዴው። ለአፍታ ንዴቱን ረስቶ ደረቱን ነፋ።

ስልኩ ጮኸ። ሠራተኛው ነበር።

«ጋሼ፣ መኪናው ጭነቱን ይዞ ደርሷል። እንደ ወትሮው ነው?»

«እንደ ወትሮው ነው። ለዚህም ትደውላለህ እንዴ?» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ዘንድሮ ሠራተኛ ተብዬ ሁሉ ካልነገሩት አይንቀሳቀስም።

ፕሮፌሰሩ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ አወረደ። «ይኼን ዛሬ ጠዋት ከመኪናዋ ነዳጅ ታንከር ቀዳሁት። እስቲ ጠጋ ብለው...» ክዳኑን ፈታ።

«ነጭ ጋዝ!» አለ ነጋዴው ከቆመበት።

ፕሮፌሰሩን ቅር አለው። ረጅም ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። «አዎ... ቤንዚኑ ውስጥ ነጭ ጋዝ ቀላቅለውበታል። ካንዴላውን ጥላሸት የሚያለብሰው እሱ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩን የሚያጠፋውም እሱ ነው። ልጅዎ ከየት ነው የምትቀዳው?»

ነጋዴው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። የመኪናዋን ቁልፍ የሰጣት ዕለት አንድ ትእዛዝ አብሮ ሰጥቷታል፤ ከድልድዩ ማዶ ካለው ማደያ በቀር የትም እንዳትቀዳ። ምክንያቱን አልነገራትም። እሱ ራሱ ከተማውን አቋርጦ ስንት ዓመት የሚቀዳው ከዚያው ነው፤ መኪናው አንድ ቀን እንኳ አስሎት አያውቅም። እንግዲያው ነጭ ጋዙ ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው፣ ካንዴላ የሚሸጥ አንድ ሰው፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ አፍስሶበታል።

«አንተ ነህ!» አለ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ለአንዲት ካንዴላ ብለህ ልጄን ልትገድላት? ነጭ ጋዝ ቀላቅሎ የሰው ልጅ ዳገት ላይ የሚልክ ሌባ አይባልም፣ ነፍሰ ገዳይ ነው! በሕግ አምላክ፣ እስር ቤት ሳላስገባህ ቤቴ አልገባም!»

«እንዳሻዎ» አለ ፕሮፌሰሩ፤ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ይጠርግ ጀመር። ነጋዴው ይህንንም እንደ ጥፋት ቆጠረበት።

የነዳጅ ጥራት ተቆጣጣሪዎቹ ቁጥር ስልኩ ውስጥ ነበር። ደወለ። የወትሮው ሰው ተዛውሯል አሉት፤ አዲስ ሴት ናት ያነሳችው። ምንም አይደለም፣ እንዲያውም አዲስ ሰው ይሻላል። ጠርሙሱ ይታሸግ፣ ምንጩ ይጣራ፣ ማንም ይሁን ማን ምሕረት አይደረግለት ብሎ አሳሰበ። በመጨረሻ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባው የእውነት ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣች። ሰነፍ አልነበረችም፤ ጠርሙሱን አሸገች፣ ፕሮፌሰሩን ጠየቀች፣ ነጋዴውን አስፈረመች። ነጋዴው ስሙን በትልልቁ ጻፈላት።

ልጅቷም ይህን ጊዜ ደረሰች፤ ፊቷን ገና የትናንቱ ድንጋጤ አልለቀቀውም። አባቷ ትከሻዋን አቅፎ ከጎኑ አቆማት።

«መጨረሻ የቀዳሽው ከየት ነው?» አለቻት ተቆጣጣሪዋ።

«ከድልድዩ ማዶ ነው» ሲል አባቷ ቀደማት። «ያውም በእኔ ትእዛዝ። ንገሪያት እንጂ የኔ እመቤት፣ አትፍሪ።»

ልጅቷ አቀረቀረች።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣኝ፤ የራሳችን ማደያ እያለ ባዕድ ቤት ሄጄ መሰለፉ ቢያሳፍረኝ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስቀዳ የኖርኩት ካንተው ነው።»