ሠላሳ ዓመት የለመንኩት ሽጉጥ

ኦፓል ሽጉጡን በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልላ እንደ ትኩስ ዳቦ እጄ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ይኸው፣ ሆሊስ። ሠላሳ ዓመት ደጅ የጠናህበት።»

ባሏን መርልን ከቀበርን ገና ሦስት ወራችን ነው። ማዘን ነበረብኝ፤ ግን ፎጣውን ስገልጠው ልቤ በደስታ ትዘላለች። መቶ አርባ ዓመት የኖረ ስድስት ጎራሽ፣ ማንም ያልወለወለው፣ ብረቱ በራሱ ጊዜ የጠየመ። በመላው ዋዮሚንግ እንዲህ ያለ ሁለት አይገኝም።

አሮጌ ሽጉጥ የምንሰበስብ ሰዎች አንድ ሕግ አለን፤ የጓጓ ገዢ ተበላ ማለት ነው። እየቋመጥክም ቢሆን ታዛጋለህ። እዚሁ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የኦፓልን ኬክ እየበላሁ ይህን ሽጉጥ ሠላሳ ዓመት በዓይኔ ጠርዝ ብቻ ነበር የማየው። መርል ግን አይሸወድም ነበር። «ሆሊስ፣ ምራቅህን ዋጥ አድርግ» ይለኝና ይስቃል።

ባለፈው ኅዳር ራሱ ደወለ። «ና ውሰደው፤ ዛሬውኑ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት እምቢ ያለ ሰው ዛሬ ሲለኝ፣ ከታገስኩ ዋጋው ይወርዳል አልኩ በሆዴ። «ምን አስቸኮለህ? ለፀደይ እንነጋገራለን» አልኩት። «እሺ» ብሎ ዘጋው። በጥር ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ።

እንደ ልማዴ መጀመሪያ ጥይት እንዳለው አያለሁ። የጎኑን ክዳን ከፍቼ ስድስቱን የጥይት ጉድጓዶች እያዞርኩ አንድ በአንድ አያለሁ። ባዶ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ባዶ ነው። አራተኛው ላይ ናስ ያበራል።

ጥይቷን መዳፌ ላይ አወጣታለሁ። እርሳሷ በቦታው ነው፤ አልተተኮሰችም። መቀመጫዋ መሐል ላይ ግን አንዲት ጎድጓዳ ነጥብ አለች። ቃታው ተስቦ፣ መርፌው መትቷታል። ባሩዱ አርጅቶ ነው ያልተነሳው።

መርል ለእባብም ለተኩላም ጠመንጃ ነበረው። «አሮጌ ብረት አይተኮስም» እያለ እኔኑ ሲገስጸኝ የኖረ ሰው ነው። ታዲያ አንዲት ጥይት ለማን አጎረሰ?

መልሱ ይገባኛል። ወንበሩን በእጄ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ጥይቷን እጨብጣታለሁ።

«ምነው፣ ተበላሽቷል እንዴ?» ትላለች ኦፓል።

«አይ። ማን... ማን ነው መጨረሻ የነካው?»

«እሱው ነዋ። ለአንተ የደወለ ቀን ማታ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ‹ቆልፊበት፣ ቁልፉን አንቺ ያዢው፣ እኔ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ፤ የሆሊስ ነው› አለኝ። ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርቶ መስሎኝ ሳቅሁበት።»

ልነግራት አልችልም። እኔ ራሴ ገና አላመንኩትም።

«ለፀደይ ነበር እኮ ያልኩት...» እላለሁ።

«እሱ መች አመነህ!» ኦፓል ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትስቃለች። «‹አውቀዋለሁ፣ አያስችለውም፣ ሳይመሽ ይደርሳል› አለና በዚያ በረዶ ወጥቶ ወደ መንገድ የሚያወጣውን የአጥር በር ራሱ ከፈተው። እንዳትዘጊው ብሎኝ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ታዲያ ከብቶቹ ምን በወጣቸው፣ ተያይዘው አስፋልት ላይ ወጡ። እሱ መስኮቱን ትቶ አልነሳ ሲለኝ፣ እኔ ብቻዬን ሳሳድዳቸው አመሸሁ።»