ለእሁድ የተቀጠረው ሮኬት

የሊፍት ጠጋኙ ሮኬቱን የሠራው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ቁመቱ ከሠሪው ይበልጣል፤ ማስተዋሉም ይበልጣል ትላለች ሚስቱ።

ክንፎቹን በሙጫ አጣበቀ። በገመድ አንጠልጥሎ ሚዛኑን ፈተሸ። መውረጃ ጃንጥላውን አጣጥፎ ከተተ፤ ሞተሩን የሚለኩሰውን ሽቦ ከባትሪ አገናኘ። ሚስቱ ሶፋው ላይ ተኝታ፣ ኪኒኗን እየዋጠች ትታዘበዋለች። ሐኪሙ ጊዜዋ አጭር መሆኑን ነግሯቸዋል።

«ይህ ቧንቧህ ሲበር ሳላይ አልሞትም!» አለችው።

«ከአፍሽ ያድርገው» አለ። መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

በመጀመሪያው እሁድ ጎረቤቱ ሁሉ ሜዳ ወጣ። ሮኬቱ እንደተገተረ ቀረ፤ ሽቦው ተበጥሷል። በሚቀጥለው እሁድ ባትሪው ሞተ። ከዚያ ክንፉ ተገነጠለ። ዕድሜ ልኩን ሰው ጭኖ ፎቅ ሲያወጣ የኖረ ባለሙያ አንድ ቧንቧ ማውጣት አቃተው።

የሚስትየዋ ጥርጣሬ ታናሽ ወንድሟ ላይ አረፈ። መካኒክ ነው፤ ሮኬቱን በመኪናው የሚያመላልሰው እሱ፣ ከማንም በላይ የሚስቀውም እሱ።

«አንተ ምቀኛ! ደስታዬን ማየት አስጠላህ?»

«እታለም፣ እኔ ምን በወጣኝ! ጋሼ፣ ንገራት እንጂ!»

ጋሼ ጣራ ጣራውን አየ። «ተይው። ለሚመጣው እሁድ ይደርሳል።»

ሐኪሙ የገመተው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ሐኪሙም እንደ ሮኬቱ ግራ ገብቶታል። እሷ ግን ሾርባዋን አሟጣ ትጠጣለች፤ ለእሁድ ስድብ ጉልበት ያስፈልጋል።

በዚህኛው እሁድ ወንድምየው ስሙን ሊያጸዳ ቆርጦ ተነሣ። ሽቦውን ራሱ ፈተሸ፣ ባትሪውን በአምፖል ሞከረ፣ ሮኬቱ ሥር እንደ ዘበኛ ቆመ።

«አሁን ማን እንደሚነካው አያለሁ!»

«ብርድ ልብሷ ወድቋል፤ አልብሳት» አለው ባልየው። ወንድምየው ወደ መኪናው ሮጠ። ባልየው ለመጨረሻ ጊዜ ሮኬቱን ፈትሾ ተመለሰ።

ሚስትየዋ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠች፣ ጮክ ብላ ቆጠረች። የሮኬቱን ማስነሻ ቁልፍ ራሷ ተጫነች።

ጭስ እንኳ የለም።

«አሁንም አንተ!» አለች ወንድሟን፣ ፊቷ በንዴት ቀልቶ። «ቆይ፣ ለሚመጣው እሁድ እኔ ራሴ እጠብቀዋለሁ! ሳይበር የትም አልሄድም!»

«ለሚመጣው እሁድ» አለ ባልየው፣ ከሮኬቱ የቆረጠውን ሽቦ ኪሱ ውስጥ ጨብጦ።